ሃያ አምስተኛው ዓስከር

ሻምበል እሸቱ አስመራ፣ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ከሚገኘው የደበሳይ ልብስ ስፌት ቤት የገባው ጥቅምት በተጋመሰ በማግስቱ ነው። ለውህደቱ በዓል ከረን ላይ ተውኔት ይታያል፤ ከጣልያን ጦር ከድተው ወደ ወገናቸው የገቡ ወታደሮች ታሪክ ነው። ልብሱ የዘመኑን ልብስ ቁርጥ እንዲመስል ኃላፊነቱ የተጣለው በሻምበሉ ላይ ነበር።

«የዚያን ጊዜ ልብስ ያውቃሉ አሉኝ» አለ።

«እወ… አዎ፣ ሻምበል። አባቴ ዓስከር ነበሩ።»

«የማን አሽከር?»

«ዓስከር ነው ያልኩት። የጣልያን ወታደር። ቀይ ታርቡሽ ቆባቸው እስከ ዛሬ ቆጥ ላይ አለ።»

ደበሳይ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ምላሱን ነከሰ። ቆጡ ላይ ያለው ታርቡሹ ብቻ አልነበረም። ክፍሉ የሚባል ወጣት ወታደር መንደር አቃጥል ሲባል እምቢ ብሎ ከጦሩ ከጠፋ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው፤ አሥራ ስድስቱን ያሳለፈው እዚያ ላይ ነው። ደበሳይ የአባቱን ስም አልጠየቀውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ስም ይበቃዋል። ከተያዘ ክፍሉ ይረሸናል፣ ደበሳይ ወህኒ ይወርዳል። ከአስመራ በሚያስወጣው መንገድ ሁሉ ደግሞ ኬላ ቆሟል።

ሻምበሉ ሱቁን ሲቃኝ ዓይኑ ወንበር ላይ በተሰቀለ አረንጓዴ ሹራብ ላይ ቆመ። አነሣው። በእጅ የተሠራ ነው፤ አንገቱ ላይ ሠሪዋ አንድ መስመር ስታለች። ጣቱን እዚያ ላይ አሳለፈ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የደንበኛ። ክርኑ ተቀዶ ነው።»

ሻምበሉ የተቀደደውን ክርን አገላብጦ አየው። ከዚያ መልሶ ሰቀለው። «ደህና አድርገው ይጠግኑት» ብሎ ወጣ።

ከዚያን ቀን በኋላ ሳይመጣ የዋለበት ቀን የለም። ምሳውን ይዞ ይመጣል፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣል። ደበሳይ የታርቡሹን ዘርፍ ቀለም፣ የመቀነቱን ስፋት፣ ዓስከሮች በባዶ እግራቸው ይሄዱ እንደነበር ያስረዳዋል። ሞያ ክፉ ነገር ነው፤ ባለሞያው እየፈራም የቁልፉን ልክ አያበላሽም። ሻምበሉ ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱንም አይጽፍም።

የሚገርመው ድምፁ ነበር። ሱቁ ጠባብ ሆኖ ሳለ ሻምበሉ ሻለቃ ጦር እንደሚያዝዝ ሰው ይጮሃል። «የከረኑ መኪና ሐሙስ ጠዋት ይነሣል! ተዋንያኑን ኬላ ላይ የሚጠይቃቸው የለም!» ይላል። ሲወጣም ከባኒ ዳቦው ግማሹን፣ አንዳንዴም ሙሉውን፣ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል።

«እዋይ ደበሳይ፣ እንዳትነካው» አለች ሚስቱ ሓረጉ። «ነገ መጥቶ ማን በላው ሊል ነው። ደግሞስ መኮንን ልብስ ሰፊን ‹እርስዎ› ሲል ነገር የለውም?»

ክፍሉ ሻምበሉ ከሄደ በኋላ ከቆጡ ወረደ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ታውቀዋለህ እንዴ?» አለው ደበሳይ።

«አውቀዋለሁ። ለከዳ ሰው ምሕረት የለውም።»

ይህን ብሎ ባኒውን በግራ እጁ አነሣና፣ ሓረጉ ሳትከለክለው፣ በሁለት ጉርሻ ጨረሰው።

ማክሰኞ ዕለት ደበሳይ ለተዋንያኑ የሰፋውን ሃያ አራት ልብስ ደርድሮ አሳየ።

«ሃያ አምስት ነው» አለ ሻምበሉ።

«ዝርዝሩ ላይ ያለው ሃያ አራት ስም ነው።»

«ስሙ ይቆይ። ልኩን ይጻፉ።» ወረቀት አልያዘም፤ ግድግዳውን እያየ ተናገረ። «ደረት ዘጠና። እጅጌ ስልሳ ሁለት። ወገቡ ቀጭን ነው፣ አሁንማ የባሰ ሳይቀጥን አይቀርም። ግራኝ ነው፤ ሳንጃውን በቀኝ በኩል ያድርጉለት።»

መርፌው የደበሳይን ጣት ወጋው። «ዓስከር ሳንጃ በቀኝ አይታጠቅም» አለ፤ ሞያው ነው የመለሰለት።

«ይሄኛው ይታጠቃል።»

ሻምበሉ እንደወጣ ደበሳይ ሜትሩን ይዞ ቆጡ ላይ ወጣና ክፍሉን ለካው። ደረት ዘጠና። እጅጌ ስልሳ ሁለት።

«አውቆብናል» አላት ሓረጉን። ደረጃው ላይ ተቀምጧል። «በሕዝብ ፊት ሊይዘው ነው። መያዣ ልብሱን በገዛ እጄ እያሰፋኝ ነው።»

«እንግዲያው ልጁ ይሽሽ።»

«በየት በኩል?»

ከመንገዱ ማዶ የሻምበሉ ጂፕ ቆሟል። ደበሳይ ፊቱ ገደል ኋላው እሳት ሆነበት። ባይሰፋ ያስጠረጥራል፣ ቢሰፋ ያስይዛል። ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ ሱቁ እስረኛ ሆኖ ሰፋ። ልብሱ አምሮ ወጣለት፤ እንደዚያ ማማሩም አናደደው።

ሐሙስ ጠዋት ሃያ አራት ዓስከሮች የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሻምበሉ ብቻውን ገባ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው።

«ሃያ አምስተኛውን ይጥሩት» አለ። ዛሬ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

ደበሳይ መካድ አሰበ። ደረጃው ተንቋቋ። ክፍሉ ማንም ሳይጠራው፣ አዲሱን ልብስ ለብሶ፣ የደበሳይን አባት ታርቡሽ ደፍቶ፣ መቀነቱን ጠምጥሞ፣ ሳንጃውን በቀኝ ታጥቆ፣ በባዶ እግሩ ወረደ። ሻምበሉ ፊት ሲደርስ ቆመና አንገቱን ደፋ።

የሻምበሉ እጅ ጎኑ ወዳለው ሽጉጥ ሄደ፤ ሓረጉ ዓይኗን ጨፈነች። እጁ ግን ሽጉጡን አልፎ ወንበሩ ላይ ደረሰና የተጠገነውን አረንጓዴ ሹራብ አነሣ።

«ከውስጥ ደርበው» አለ፤ «ከረን ባይበርድም፣ እናትህ ‹የሠራሁለትን ለበሰው?› ብላ እኔን መጠየቋ አይቀርም።»