የጡረተኞቹ ወኪል

ሚሊኒየሙ በገባ ዓመት ላንቻ አካባቢ የነበረው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ለሠራተኞቹ የተረፋቸው ከደመወዛቸው እየተቆረጠ የተጠራቀመው የጡረታ ፈንድ ብቻ ነበር። በፈንዱ ካዛንቺስ ውስጥ የገዟቸውን ሱቆች ያከራያሉ፤ ከኪራዩ ለጡረተኞቹ የወር አበል ይከፈላል። ግብር መሥሪያ ቤት በኪራዩ ላይ ከባድ ግብር ሲጥል፣ እዚያ ቀርቦ ስለ ፈንዱ የሚከራከር ወኪል አስፈለገ፤ ፈንዱን የሚያስተዳድረው የጡረተኞቹ ኮሚቴም ጀማነሽን ሾመ።

ጀማነሽ የፋብሪካው የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። የኮሚቴው ጸሐፊ ዙለይካ አብሮ አደጓ ናት። አንድ ግቢ ነው ያደጉት፤ ዙለይካ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሆስፒታል ያስታመመቻት ጀማነሽ ነበረች።

ነገሩ የተበላሸው ቀስ በቀስ ነው። ኮሚቴው በዝግ የመከረበት ሁሉ ግብር መሥሪያ ቤት ቀድሞ ይደርስ ጀመር። ጀማነሽ ይዛው የምትሄደውን መከራከሪያ ገና አፏን ሳትከፍት ያውቁታል። ይግባኝ ለማለት ሲዘጋጁ ደግሞ የፈንዱ የባንክ ሒሳብ ታገደ። አበሉ ቆመ። የመድኃኒት መግዣ ያጡ ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት ዙለይካ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ያዙ።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ቸሩ የተከበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጀማነሽን በስም እንኳ አላነሷትም።

«ከመካከላችን እዚያ ቢሮ የሚመላለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው» አሉ በሐዘን። «እኔ ሌላ የምለው የለኝም።»

በዚያው ሰሞን ዙለይካ ጀማነሽን ከአንድ የግብር ሠራተኛ ጋር ካፌ ተቀምጣ ስትስቅ አየቻት። ሲጠይቋት፣ እገዳው እንዲነሳ መላ እንዲፈልግላት እየለመነችው እንደነበር ተናገረች። ማንም አላመናትም። ውክልናዋ ይነሳ ሲባል ዙለይካም እጇን አወጣች።

ጀማነሽ የውክልና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ እሷ ዞረች።

«ሌላው የፈለገውን ይበለኝ። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።»

ዙለይካ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀማነሽ መንገድ ላይ ስታገኛት ፊቷን አዙራ ታልፋለች።

ምትክ ሲፈለግ ደፍሮ እሺ የሚል ጠፋ። በመጨረሻ ጡረተኞቹ ጋሽ ቸሩን ለመኗቸው። እሳቸውም የቢሮ ነገር እንደማያውቁ፣ ለሽማግሌዎቹ ሲሉ ግን እንደሚሞክሩት ነገሯቸው። ዙለይካ የሹመቱን ደብዳቤ ይዛ ጉዳዩን ከያዘው ኃላፊ ጋር ልታስተዋውቃቸው ግብር መሥሪያ ቤት አብራቸው ሄደች።

ሕንፃው ውስጥ ሰው ይተራመሳል። ዙለይካ የት እንደሚሄዱ ዘበኛውን ልትጠይቅ ስትል ጋሽ ቸሩ ደረጃውን ጀምረውታል። እየተከተለቻቸው በዕድሜያቸው እንዲህ መበርታታቸው አስደነቃት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ኮሪደሩን ታጥፈው መጨረሻ ያለውን በር አንኳኩ።

ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ አለ። ዙለይካ ደብዳቤውን ዘረጋችለት።

እሱ ግን ደብዳቤውን ሳይቀበላት፣ «ጋሽ ቸሩ፣ እንደ ወትሮው ብቻዎን የሚመጡ መስሎኝ ነበር» አላቸው።