ከጋቢው ሥር

«ሁለተኛ ጨርቅ ማን ይሰጠኛል?» አለች መምህርት ለተጊዮርጊስ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ነጭ ጋቢ እያስተካከለች።

ሁሉም የለበሰውን ጠበቅ አደረገ። የደጋው የጎረቤላ ብርድ የለበሱትን የሚያስወልቅ አይደለም። የተዘረጋው ጋቢ የተማሪዋ የሲቲ ነው፤ ከቆላው ከአልዩ አምባ ለገበያ ይዛው ወጥታ፣ መሠረተ ትምህርቱ እንዳያመልጣት ሳትሸጠው ቀበሌው አዳራሽ ገብታለች።

«እንዳታቆሽሹብኝ! ሳይሸጥ አርጅቶ እንዳይቀርብኝ።»

«ካንቺ ጋር አብሮ ቢያረጅ ምን አለበት?» አሉ አባባ ገብረአብ። ቤቱ ሳቀ። በራዲዮ የሰሙት የባሕር ማዶ የመሬት መንቀጥቀጥ ከምን እንደመጣ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። የራሳቸውን ጋቢ ግን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

ለተጊዮርጊስ ትከሻዋን ነካች። ጥቁር ነጠላዋ አለ። ባሏ ምሥራቅ ጦር ግንባር ከወደቀ ሦስት ዓመት አለፈው። ሙት ዓመቱ ሲወጣ አማቷ ከመዘዞ ድረስ መጥተው፣ «በቃሽ ልጄ፣ ጥቁሩን አውልቂው» ብለዋት ነበር። እሺ አለች እንጂ አላወለቀችውም። ያወለቀችው ዕለት እሱ ጨርሶ የሚጠፋ ይመስላታል።

አሁን ሳታስበው ከትከሻዋ ሳበችና ከጋቢው ጎን ዘረጋችው። ሳቁ ቆመ።

«ነጩ የብሱ ነው፤ ይሄ ደግሞ የባሕሩ ወለል» አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ሲያረጅ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል። ከየብሱ ጋር ሲገፋፋ ከባዱ እሱ ነውና ከሥር ይገባል።» ጥቁሩን ገፋችው። ከነጩ ሥር ገባ፤ የጋቢው ጠርዝ እየተጨማደደ ተራራ መሰለ። «ተያይዘው ቆይተው ድንገት ሲላቀቁ ነው ምድር የምትንቀጠቀጠው።»

«ሲገፋፉ ሩጫቸው ምን ያህል ነው?» አለች ሲቲ።

«ጥፍር የሚያድገውን ያህል ነው።»

«እኛስ ጋ?»

«እኛ ጋ እንኳ አንዱ ካንዱ ሥር አይገባም። ምድሩ እየተከፈተ፣ ቆላው ከደጋው እየራቀ ነው።»

«ሲቲ፣ ገበያው ሊርቅብሽ ነው!» አሉ አባባ ገብረአብ።

«በጥፍር ልክ ከሆነ ደርሼ እመለሳለሁ። እርስዎ ለጉልበትዎ ያስቡ።»

ሽማግሌው ስቀው ሲያበቁ ጣታቸውን ወደ ጠረጴዛው ቀሰሩ። «እና ያ ከሥር የገባው... በዚያው ጠፍቶ ቀረ?»

መልሱን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከጋቢው ውጭ የቀረውን የጥቁሩን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች።

«አይጠፋም» አለች። «ይዞት የሚወርደው ውሃ እዚያ ታች ያለውን የጋለ ድንጋይ ያቀልጠዋል። የቀለጠው እሳት ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና፣ ሲበርድ አዲስ መሬት ይሆናል። ውሎ አድሮ እህል ይበቅልበታል።»

«ተመስገን!» አሉ አባባ ገብረአብ፣ የራሳቸው ማሳ የተረፈ ይመስል።

ሰዉ ሲበተን ሲቲ ጋቢዋን አነሳች። ጥቁሩ ነጠላ ከሥሩ ተጨማድዶ ተኝቷል። አራግፋ ልታለብሳት ስትል ለተጊዮርጊስ ተቀበለቻትና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ይበርድሻል እኮ፣ እትዬ።»

«ይብረደኝ።»

ደጅ ስትወጣ ነፋሱ አንገቷን አገኘው። ከገደሉ ሥር፣ ከአልዩ አምባ በኩል፣ ጉሙ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣ ነበር።