ቀፎው ክፍል የገባ ዕለት

«ለምን ያጥነዋል?» አለ መምህሩ፣ ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ። መልስ የለም።

ቦንጋ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስላልነበራት ፕሮጀክተሩን ትቶ፣ ከማንኪራ መንደር ያስመጣውን ባህላዊ ቀፎ ክፍሉ መሀል አኑሮ፣ ተማሪዎቹን ዙሪያውን አስቀምጧቸው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ያላለችው፣ እሱም በተሳትፎ ዜሮ የሰጣት ልጅ እጇን ያወጣችው ያኔ ነው። «አባቴ ቀፎውን ዛፍ ላይ ከመስቀሉ በፊት ውስጡን በቅጠል ያጥነዋል» ብላ ነበር፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። እሱም ደስ ብሎት መልሷን ሊጽፍ ተነሣ። አሁን ግን ዝም አለችው። «አንቺን እኮ ነው! ለምን ያጥነዋል?» ሲል ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ።

ተናዶ ሲዞር፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ትከሻዋን ነካ ስታደርጋት አየ። «መምህር፣ እሷ እኮ ጆሮዋ አይሰማም» አለች ጓደኛዋ ፈራ ተባ እያለች። «የሚናገሩትን ከአፍዎ ላይ ነው የምታነበው። ሌላ ጊዜ ስላይዱን እያዩ ስለሚያስተምሩ ፊትዎ አይታያትም።»

ሁለት ሴሚስተር! መምህሩ ሳያስበው እጁ ሄዶ አፉን ያዘ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ልጅቷን፣ አፉን በእጁ እንደያዘ።

ልጅቷ አፉን የከደነውን እጁን እያየች፣ እስኪያነሣው ጠበቀችው።