ያልጓጎለው ደም

ፈንታሁን ከራሱና ከዱሬቲ የቀዳውን ደም መስታወት ላይ ጠብ አድርጎ አዋሃደና ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። ጉበቷ ታሞ ደም ስታስታውክ ከገጠሯ ከኖፓ እስከ መቱ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ነበር ያመጧት። የአባቷም የወንድሞቿም ደም ከእሷው ጋር ሲገናኝ ጓጉሎ፣ ገላዋ እንደማይቀበለው አሳይቶ ነበር። የእሱ አልጓጎለም። ለመቱ ከተማ ባዳ የሆነው ድሬሰር፣ ገበያ በመጣች ቁጥር በዓይኑ የሚሸኛትን ይህችን ልጅ ለፋሲካ ሽማግሌ ልኮ ሊጠይቅ እንደቆረጠ ለማንም አልተናገረም።

ጠርሙስ ሙሉ ደሙ ወደ ክንዷ ወርዶ ሲያልቅ፣ የገረጣው ከንፈሯ ቀላ አለ። አባቷ ጋሽ ጎንፋ ግንባሩን ሳሙት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ባዳ አይደለህም» አሉት እንባቸውን እየጠረጉ። «ደማችሁ አንድ ሆነ፤ ወንድሟ ነህ። ስትዳር እጇን ይዘህ ለባሏ የምታስረክባት አንተ ነህ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ፈንታሁን። ክንዱ ላይ ያለውን ጥጥ፣ ደሙ ከቆመ በኋላም ጫን አድርጎ ይዞት ቆየ።