ለጋሼ ይመር ተብላ የተጨመረች መስመር

«ስምህ የለም፣ ጋሼ ይመር።»

ካቦው መርሻ ይህን ሲል ከመዝገቡ ላይ ቀና እንኳ አላለም...

ዘመኑ 1962 ዓ.ም.፣ ቦታው የአሰብ ወደብ በር ነው። ገና በማለዳው ሸሚዝ ጀርባ ላይ ተጣብቋል።

ጋሼ ይመር ጆንያ ሰፊ ነው። ከመርከብ ሲወርድ የተቀደደውን ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። መርፌና ሲባጎውን ይዞ እንደ ወትሮው ተሰልፏል።

«ትናንት ነበርኩ እኮ» አለ።

«ትናንት ሌላ ነው።»

እውነቱን ነው... ሌላ ነበር።

እስከ ትናንት ተሸካሚ በቀን አንድ ብር፣ ጋሼ ይመር ደግሞ ግማሹን፣ ሽልንግ ያገኝ ነበር።

ይህ ያንገበገበው ሣህሉ የሚባል ወጣት ተሸካሚ ነው። ከሁሉም ፊደል የቆጠረ እሱ ስለሆነ የሠራተኛውን አቤቱታ ጻፈ። የቀን ደመወዝ አንድ ከሃምሳ ይሁን አለ።

ከዚያ ለጋሼ ይመር ብሎ አንዲት መስመር ጨመረ...

«ማንም ሰው፣ ምንም ይሥራ ምን፣ ከዚህ በታች አይከፈለው።»

ሲነበብለት መጀመሪያ አሻራውን ያሳረፈው ራሱ ጋሼ ይመር ነው። ሣህሉንም መረቀው።

ሠራተኛውን የሚቀጥረው ተቋራጭ ሦስት ሳምንት አንገራግሮ ፈረመ።

በማግስቱ ስድስት ስም ከመዝገቡ ወጣ። ውሃ አመላላሹ፣ ጠራጊዎቹ፣ ጆንያ ሰፊው...

በአንድ ከሃምሳ ጀርባ እገዛለሁ እንጂ መርፌ አልገዛም ብሏል ተቋራጩ።

ጋሼ ይመር እንደ ድሮው በሽልንግ ልሥራ ብሎ ለመነ።

መርሻ በአገጩ ሰልፉ ውስጥ ወደቆመው ሣህሉ አመለከተ። «ብፈልግም አልችልም። አይቻልም ብሎ የጻፈው ያውልህ።»

ሣህሉ በልቡ አሰላ። አሥራ አምስት ሰው ከጭማሪው አሥር አሥር ሳንቲም ቢያዋጣ የጋሼ ይመር የቀን ደመወዝ ይሞላል።

አሰበው... ግን አልተናገረም። ጓደኞቹ ፊት እንዳይነሱት ፈራ። እነሱም መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ጋሼ ይመር መርፌውን ለሣህሉ ሰጠው። «ያዘው። ጆንያ መቀደዱ አይቀርም።»

ቂም የለውም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ሽማግሌው ከራቀ በኋላ መርሻ ወደ ሣህሉ ዞረ...

«በሽልንግ ያሠራሁት እኔ መሰልኩህ? ከስምንት ዓመት በፊት ከወሎ መጥተህ ቦታ የለም ስልህ፣ 'ሸክሜን ለልጁ ስጠው፣ እኔ በግማሽ ጆንያ ልስፋ' ያለኝ እሱ ነው። እንዳትነግረው ብሎ አስምሎኛል።»

ሣህሉ ተከትሎት ሮጠ ብላችሁ ከጠበቃችሁ... አልሮጠም።

መርከብ ቆሞ ይጠብቃል። ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ። ሲመሽ አንድ ከሃምሳውን ተቀበለ።

ጋሼ ይመርን ዳግም አላየውም።

ይህን ማን ነገረህ ትሉኝ ይሆናል። ራሱ ሣህሉ ነው... አባቴ። መርፌው አሁንም ቤታችን አለ።

ስለዚህ «የድሮ ሰው ይተዛዘን ነበር» የሚል ኮመንት ልትጽፉ የተዘጋጃችሁ፣ እባካችሁ ተዉኝ።

ደመወዝ መጨመሩ ጥፋት አይደለም። እኔም በልቼ ያደግሁት በዚያ ጭማሪ ነው። ጥፋቱ ማን ከበር ውጭ እንደሚቀር አስቀድሞ አለመጠየቅ፣ ካወቁ በኋላ ደግሞ ዝም ማለት ነው።

እናንተ በአባቴ ቦታ ብትሆኑ «አሥር አሥር ሳንቲም እናዋጣ» ለማለት አፋችሁን ትከፍቱ ነበር?

ከመጻፋችሁ በፊት ግን... ባለፈው ደመወዝ ሲጨመርላችሁ ከመሥሪያ ቤታችሁ ማን እንደተቀነሰ ታስታውሳላችሁ?