ጥቁሩ ስክሪን

ጋሽ ደምረው የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ሊቅ ነበሩ። ጥቁሩን ስክሪን ከፍተው ነጫጭ ፊደል ማዝነብ ሲጀምሩ፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ እንዳይረብሿቸው አስቀድመው ኮሪደር ላይ ሳል አሰምተው ነበር የሚገቡት። ጡረታ ሲወጡ ጋቢ ተሸልመው ተሸኙ። ወንበራቸው ላይ የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ልጅ ተቀመጠች።

«ጥበባቸው ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ ነው» አሏት ሥራ አስኪያጁ። «ካልደረስሽበት ሌላ ሰው እንቀጥራለን።»

ልጅቷ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የጀማሪዎች ሥልጠና ከጨረሰች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ሂስትሪ የሚባለው ትእዛዝ ቀድሞ የተጻፈውን ሁሉ እንደሚዘረዝር ታውቃለች። ጻፈችው።

ስክሪኑ ሞላ። ኤልኤስ። ኤልኤስ። ኤልኤስ። እስከ ታች ድረስ ሌላ ነገር የለም። ኤልኤስ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በስም ከመደርደር በቀር ምንም አይሠራም፤ እሷም በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ለሻይ ሳይወጡ ነው የተማረችው።

ልትስቅ ስትል በሩ ተከፈተ።

«እህ፣ ደረስሽበት?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ልጅቷ ቀና አላለችም። ኤልኤስ ብላ ጻፈች። ደገመች። ሠለሰች። ነጩ ፊደል ስክሪኑን አጥለቀለቀው።

«ውይ ይቅርታ፣ ለካ ሥራ ላይ ነሽ!» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ሲስሉ የተሰማው ኮሪደር ላይ ከደረሱ በኋላ ነው።