ለመስቀል ያልሄደችው ተከራይ

በሩ ከውጭ በቁልፍ ሲከፈት ተናኘወርቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከጠዋት ጀምራ ይህንኑ ድምፅ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። የሕንፃው አስተዳዳሪ አምሀ የተጠቀለለ ፍራሽ እየጎተተ የኋልዮሽ ገባ። "በዚህ በኩል ነው፣ ክፍሉ ባዶ ነው" እያለ ዞር ሲል ከእሷ ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠመ።

"እንዴ! አልሄድሽም እንዴ?"

"አልሄድኩም" አለች።

ሰውዬው ከልቡ ነው የደነገጠው። መስከረም አሥራ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወልቂጤ ውስጥ ክፍሉን ዘግቶ የሚቀመጥ ጉራጌ አይቶ አያውቅም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ይመጣል፣ የከተማው ተከራይ ደግሞ ወደየገጠሩ ይበተናል። አምሀም ይህን ተማምኖ ነው በየዓመቱ የሰዉን በር የሚከፍተው። የባለሕንፃው ዘመድ አዝማድ ከመርካቶ ሲወርድ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያሳድራል። ማን አየው? ማንስ ጠየቀው?

ተናኘወርቅ አምና አይታለች። ከእናቷ ቤት ስትመለስ ብርድ ልብሷ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ፎጣዋ እርጥብ ነው። በወሩ መጨረሻ ደግሞ እሷ ባልነበረችበት ሳምንት የበራው መብራት፣ የነደደው ምድጃ፣ ሂሳቡ ሁሉ በእሷ ላይ መጣ፤ "የጽዳት" የሚባል ነገርም ተጨምሮበታል። ብትናገር አምሀ "ለበዓል እኮ ነው፣ አንቺ ደግሞ!" ብሎ ሳቀባት። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ሳቅ ነው ዓመቱን ሙሉ ሲከነክናት የኖረው። ቁልፉን ልቀይር ብትል ውሉ አይፈቅድም። እንግዲያው በሩን እኔው ተቀምጬ እጠብቃለሁ ብላ ቆረጠች።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገጠር፣ አታት አጠገብ፣ እናቷ ቤት፣ መስቀሉ ተጀምሮ ዛሬ የሴቶቹ ቀን ነው። ጎመን ክትፎው ተሰናድቷል፣ እህቶቿ ከየአገሩ ገብተዋል። እናቷ ከማለዳ ጀምራ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ካልታመመ ወይ ካልታሰረ በቀር ለመስቀል ከቤቱ የሚቀር ሰው የለምና፣ ተናኘወርቅ "ሥራ በዛብኝ" ብላ ዋሸች። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ዋሽታ ስልኩን እንደዘጋች አለቀሰች፤ ስታበቃ ፊቷን ታጥባ፣ አልጋዋን አንጥፋ ተቀመጠች።

"እንግዶቹ ደረጃው ላይ ናቸው" አለ አምሀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የባለሕንፃው አክስት አሉበት፤ ትልቅ ሰው ናቸው። አሁን ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን ይንገሯቸው፣ ጋሼ አምሀ። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው ይበሏቸው።"

"ኧረ ተናኘ፣ መስቀል እኮ ነው! በመስቀል እንግዳ ይመለሳል? አንቺ የጉራጌ ልጅ አይደለሽም?"

ይህችን ቃል እንደሚያወጣት ታውቅ ነበር። ብታውቅም ወጋቻት። ተነሥታ መጥታ በፍራሹና በአልጋዋ መካከል ቆመች።

"እንግዳ አልመለስኩም። እርስዎ በሬን ከፍተው የሚያስገቡት ሰው የኔ እንግዳ አይደለም። እኔ ስሙን አላውቀው፣ እሱ ስሜን አያውቀው! ያበራውን መብራት ግን እኔ እከፍላለሁ።"

"ለባለሕንፃው እደውላለሁ!"

"ይደውሉ። ሂሳብ ካለቀብዎት በኔ ስልክ ይደውሉ።"

"ከመስቀል በኋላ ቤቱን ትለቂያለሽ፣ እወቂው!"

"ከመስቀል በኋላ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን ይሄ ፍራሽ እዚህ አይነጠፍም።" ጎንበስ ብላ ፍራሹን በሁለት እጇ ወደ ኮሪደሩ ገፋችው። ፍራሹ ወጣ።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ከደረጃው ብቅ አሉ። "ምን ተፈጠረ፣ አምሀ?"

"ምንም አይደል እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ትንሽ የክፍል ነገር ነው፣ አሁን ይስተካከላል..."

"የሰው ቤት ነው፣ እማማ" አለች ተናኘወርቅ። "ተከራይቼ የምኖርበት የኔ ቤት ነው። አምናም የኔ ነበር።"

አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። አልጋውን አዩ፣ ምድጃውን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምረቃ ፎቶግራፍ አዩ። ከዚያ ተናኘወርቅን አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

"እኔ እኮ አምና እዚህች አልጋ ላይ አራት ሌሊት አድሬአለሁ" አሉ። "ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ማናት ብዬ ብጠይቀው፣ ለቃ ሄዳለች፣ ዕቃዋን እስክታነሣ ነው አለኝ።"

አምሀ ስለ መኝታ እጥረት አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ። የሰማው የለም።

ተናኘወርቅ አምሀን ልትጣላ ዓመት ሙሉ ተዘጋጅታለች፤ በመስቀል ከአንዲት አሮጊት አፍ የሚወጣ እርግማን ግን አልታሰባትም ነበር። የበሩን ጠርዝ ይዛ እርግማኑን ጠበቀች።

እትዬ ዘርፈሽዋል ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ጫማቸውን አውልቀው ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ተናኘወርቅም ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊታቸው እንደቆመች፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና ተጣሩ፤

"ቤቶች!"